ዕቁብና ዕድር ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ

 

በዚህ ወር የምናወራው ስለ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። በዕብራይስጥ «ማቴማቲካ ፊናንሲት» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «የገንዘብ ሒሳብ» ብንለው ያስኬዳል። ልጅ ከጦር ሠራዊት ተመልሶ «ይህን ልማር ነው» ሲል፣ «ባንክ ቤት ቁጭ ብለህ የሰው ገንዘብ ልትቆጥር ነው እንዴ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ጥያቄው አያስነቅፍም። የነርስ ሥራ በዓይን ይታያል፤ እዚህ ሐዴራ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ነርስ ምን እንደምትሠራ ያውቃል። የገንዘብ ሒሳብ የተማረ ሰው ግን ሥራው ከኮምፒውተር ኋላ ነው፤ አይታይም። ሳይታይ ግን የጡረታችሁን መጠን፣ የማሽካንታችሁን ወለድ፣ የመኪናችሁን ኢንሹራንስ ዋጋ የሚያሰላው እሱ ነው።

ደግሞ ትምህርቱ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ስሙ ነው እንግዳ የሆነው እንጂ ነገሩን ከአገር ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። እስቲ በዕቁብ እንጀምር።

አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 500 ሼቄል እየጣሉ ዕቁብ ገቡ እንበል። በየወሩ አንዱ 6,000 ሼቄል ይወስዳል። በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም 6,000 ጥሎ 6,000 ወስዷል፤ ስለዚህ እኩል ናቸው ይባላል። ግን እውነት እኩል ናቸው? የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይሠራበታል፤ በሌላ አነጋገር ያለ ወለድ ተበድሯል። የመጨረሻው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለሌሎች ሲያበድር ከርሟል። ለዚህ ነው ልጁን የሚድር ሰው «ዕጣውን ለእኔ ልቀቁልኝ» ብሎ ዳኛውን የሚለምነው። ዛሬ የሚገኝ ገንዘብና የዛሬ ዓመት የሚገኝ ገንዘብ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዋጋው አንድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የገንዘብ ሒሳብ ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እናንተ በልምድ የምታውቁትን እሱ «በስንት ይበልጣል?» ብሎ እስከ አጎራ ድረስ ማስላቱ ነው።

ዕድር ደግሞ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ለምሳሌ 200 አባወራ ያለበት ዕድር አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ሼቄል ይከፍላል። በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ሼቄል ይገባል። ለአንድ ሐዘን 6,000 ሼቄል የሚሰጥ ከሆነ በዓመት ስምንት ሐዘን ይችላል ማለት ነው። አባላቱ ጎልማሶች ሳሉ በዓመት አራት ሐዘን ብቻ ቢደርስ 24,000 ሼቄል ይተርፋል፤ ሳጥኑ ይሞላል፤ ሰውም «ዕድራችን ሀብታም ነው» ይላል። ዓመታት አለፉና አባላቱ ሸመገሉ። ሐዘኑ በዓመት አሥራ ሁለት ሲሆን ወጪው 72,000 ይደርሳል፤ በየዓመቱ 24,000 ይጎድላል። አሥር ዓመት የተጠራቀመው በአሥር ዓመት ያልቃል። ያን ጊዜ «ዕድሩን ማን በላው?» የሚል ጠብ ይነሣል። ማንም አልበላውም። አስቀድሞ ያሰላው ሰው ስላልነበረ ነው።

ይህን አስቀድሞ የሚያሰላ ባለሙያ «አክቱዋር» ይባላል። ሥራው ሰዎች በምን ዕድሜ ስንት ያህሉ እንደሚታመሙ፣ እንደሚሞቱ፣ ጡረታ እንደሚወጡ ከብዙ ዓመት መዝገብ አጥንቶ፣ ዛሬ ስንት መከፈል እንዳለበት መናገር ነው። አንድ ሰው መቼ እንደሚሞት ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ከመቶ ሺህ ሰው ግን በዓመት ምን ያህሉ እንደሚሞት በቅርብ መገመት ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶች ተረት የኢንሹራንስ ሒሳብ ሁሉ መሠረት ነው።

ፈረንጆቹም ሙያውን የጀመሩት በዕድር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1744 በስኮትላንድ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የተባሉ ሁለት የሃይማኖት አገልጋዮች፣ የሞቱ ካህናት ሚስቶችና ልጆች እንዳይራቡ ብለው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ኮሊን ማክሎሪን የተባለ ትልቅ የሒሳብ ሊቅም ረዳቸው። ካህናቱ በዓመት ስንት እንደሚሞቱ፣ ስንት ሚስቶች ያለ ባል እንደሚቀሩ ቆጥረው፣ ገንዘቡ ከሃያ ዓመት በኋላ ስንት እንደሚደርስ ቀድመው ጻፉ። ጊዜው ሲደርስ ግምታቸውና በሣጥኑ ያለው ገንዘብ በጣም ተቀራርቦ ተገኘ።

ከዚያም በፊት በኦሪት አለ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25ን የሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል፤ መሬት በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ መሬት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው አፈሩን ሳይሆን እስከ ኢዮቤልዩ የቀረውን የመከር ብዛት ነው። ብዙ ዓመት ከቀረ ዋጋው ይጨምራል፤ ጥቂት ከቀረ ይቀንሳል። ዛሬ በባንክ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚከራይ ሕንፃ ወይም የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ሲሰላ አካሄዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ሮበርት አውማን፣ በ2005 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙ የሒሳብ ሊቅ ናቸው። እሳቸውም ከባልደረባቸው ከሚካኤል ማሽለር ጋር በ1985 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ባለዕዳ ሞቶ ንብረቱ ለሁሉም ባለመብቶች ሳይበቃ ሲቀር እንዴት እንደሚከፋፈል ታልሙድ የሚናገረውን በዘመናዊ ሒሳብ ፈትተው አሳይተዋል። እንግዲህ «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው» ብሎ መሸሽ አይገባም።

ልጁ የሚማረው ምንድን ነው?

በመጀመሪያው ዓመት ከባድ የሆነ ንጹሕ ሒሳብ ነው። «ኢንፊ» የሚሉት፣ ነገሮች በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያሰላ ትምህርት አለ። «አልጌብራ ሊኒያሪት» አለ። ቀጥሎ የዕድል ሒሳብና ስታቲስቲክስ ይመጣል። ከዚያ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ኢኮኖሚክስና ሌላም። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ አንድ ሰው ለቤት ቀብድ ከፍሎ «በስድስት ወር ውስጥ ከፈለግሁ በዛሬው ዋጋ እገዛለሁ፤ ካልፈለግሁ ቀብዱ ይቅርብኝ» ቢል፣ የዚህ መብት ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው? ቤቱ ነገ ይወደድ ይርከስ አይታወቅም። በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ የተባሉ ሰዎች ለዚህ ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቀመር አወጡ። ሾልስና ሮበርት መርተን በ1997 ኖቤል ተሸለሙበት።

ይህ ሁሉ ከሒሳብ መዝገብ ያዥነትም ከ«ሮኤ ሄሽቦን»ም ይለያል። ሮኤ ሄሽቦን ያለፈውን ዓመት ገንዘብ በትክክል መመዝገቡን ይመረምራል። የገንዘብ ሒሳብ ተማሪ ግን የሚያየው ገና ያልመጣውን ነው። ልጃችሁ ሲያስረዳችሁ ይህን ልዩነት ብትይዙለት ደስ ይለዋል።

የት ይማራል? በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ክፍል ውስጥ የገንዘብ ሒሳብ ይሰጣል። በኃይፋ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ክፍል የአክቱዋርነት ሁለተኛ ዲግሪ አለ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዲግሪ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ኢኮኖሚክስ ተምረው በሁለተኛው ወደዚህ ይገባሉ። ለእኛ ለሐዴራ ሰዎች አንድ ጥቅም አለን፤ ከተማችን በኃይፋና በቴል አቪቭ መካከል ስለሆነች ልጁ ከቤቱ በባቡር ተመላልሶ መማር ይችላል። ይህ የቤት ኪራይ ያድናል፤ በእናቱ ቤት እንጀራ እየበላ መማሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራውስ?

በኢንሹራንስ ኩባንያና በጡረታ ድርጅት አክቱዋር ይሆናል። በባንክ ውስጥ፣ ብድር የጠየቀ ሰው የመክፈል አቅሙን የሚያሰላ ወይም ባንኩ ከአቅሙ በላይ አደጋ እንዳይሸከም የሚጠብቅ ባለሙያ ይሆናል። በመንግሥት በኩል በእስራኤል ባንክና የኢንሹራንስና የጡረታ ድርጅቶችን በሚቆጣጠረው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሊሠራ ይችላል። በሃይቴክ ደግሞ ለገንዘብ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባም በ2025 መጀመሪያ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ አማርኛም ዕብራይስጥም የሚችል ባለሙያ አንድ ቀን በዚያ በኩል በር አይከፈትለትም አይባልም።

በከተማችን ዳርም ምሳሌ አለ። ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች አጠገብ የባሕር ውኃ አጥርቶ ጨው የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሥራ የጀመረው በ2009 መጨረሻ ነው። ፋብሪካው ሲሠራ የግል ባለሀብቶች ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ ለ25 ዓመት ያህል ውኃ ለመንግሥት እንዲሸጡ ተዋዋሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ወለድ ምን ይሆናል? የኤሌክትሪክ ዋጋስ? ዶላርስ? ውኃው በስንት ቢሸጥ ባለሀብቱ አይከስርም፣ ሕዝቡም አይበዘበዝም? ከመሐንዲሱ በፊት ቁጭ ብሎ ይህን ያሰላ ሰው ነበረ።

እናንተን ራሳችሁን የሚነካ ምሳሌም ልስጥ። ለልጅ በየወሩ 100 ሼቄል ለ18 ዓመት ቢጠራቀም፣ ከኪስ የወጣው 21,600 ሼቄል ነው። በዓመት 4 በመቶ ቢያፈራ ወደ 31,500 ሼቄል ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አሁን ገንዘቡን የያዘው ድርጅት ለአገልግሎት ብሎ በዓመት 1 በመቶ ቢወስድና 3 በመቶ ብቻ ቢቀር፣ መጨረሻው ወደ 28,600 ይወርዳል። «አንድ በመቶ ብቻ» የተባለችው ወደ 3,000 ሼቄል በላች ማለት ነው። በጡረታ ላይ ደግሞ ዘመኑም ገንዘቡም ስለሚበዛ የምትበላው በብዙ እጥፍ ነው። ከ2008 ጀምሮ በአገራችን ለሠራተኛ ሁሉ ጡረታ ማጠራቀም ግዴታ ነው። በጽዳት፣ በፋብሪካ፣ በጥበቃ ሠርታችሁ ከአንዱ ቀጣሪ ወደ ሌላው የተዛወራችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ገንዘባችሁ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይሆናል። የገንዘብ ሚኒስቴር «ሃር ሃኬሴፍ» የሚባል መፈለጊያ ከ2013 ጀምሮ ከፍቷል። ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ በመታወቂያ ቁጥራችሁ አስፈልጉ። «ድሜይ ኒሁል ስንት ነው የሚወስዱብኝ?» ብላችሁም አስጠይቁ።

ጥንቃቄም አለ። ስልክ ላይ «በሁለት ወር ሀብታም ሁን» እያለ የሚጠራው ኮርስ የገንዘብ ሒሳብ አይደለም። «ባይናሪ ኦፕሽን» የሚባለውን ንግድ ክኔሴት በ2017 በሕግ የከለከለው ብዙ ሰው ስለተዘረፈበት ነው። ትምህርቱን በትክክል የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ይሸሻል። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከትዕቢት አልዳኑም። እነዚያ በ1997 ኖቤል የተሸለሙት ሾልስና መርተን የተካፈሉበት የአሜሪካ የገንዘብ ድርጅት በዓመቱ በ1998 ወደቀ። ቀመሩ ያላሰበው ነገር ደረሰ። ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር ስታወሩ ከዕውቀቱ ጋር እውነተኛነትን ምከሩት። የሰው ጡረታ በእጁ ይገባልና።

በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ በር ላይ አይጀመርም፤ ልጁ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው የሚጀመረው። በሒሳብ ባግሩት 3፣ 4 ወይም 5 «ዬሂዶት» አለ። 3 ብቻ የያዘ ልጅ ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ብዙ ተጨማሪ መንገድ መሄድ አለበት። 5 የያዘ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ በነጥቡ ላይ 35 ይጨምሩለታል፤ 4 ለያዘ የሚጨመረው 12.5 ነው። በ5 ዬሂዶት 80 ያመጣ ልጅ 115 ይቆጠርለታል፤ በ4 ዬሂዶት 95 ያመጣው 107.5። አያችሁ? 80 ያመጣው በለጠ።

ይህን የማያውቅ ወላጅ «ልጅዎ በዝቅተኛው ሃክባጻ ቢሆን ይቀለዋል፣ ጥሩ ነጥብ ያመጣል» ሲሉት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይፈርማል። መምህር ማክበር የእኛ ወግ ነው፤ ጥሩ ወግም ነው። ማክበር ግን ከመጠየቅ አይከለክልም። ለአንዳንድ ልጅ እውነትም 4 ይሻለዋል፤ ሁሉም 5 ይያዝ አንልም። ግን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። እንዲህ በሉ፦ «ልጄ ዝቅ እንዲል የተወሰነው በየትኛው ፈተና ነው? በምን በኩል ነው የደከመው? እገዛ ቢያገኝ በስንት ወር እንደገና ይፈተናል?» መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። በወላጆች ስብሰባ ልጁ ራሱ አስተርጓሚ አይሁን፤ ስለ ራሱ ደካማ ነጥብ አባቱ ፊት አስተካክሎ የሚተረጉም ልጅ የለም። መጋሼር እንዲገኝ ወይም የሚታመን ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም።

እገዛም አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፕሮጀክት ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ማስጠናት ሲሰጥ ቆይቷል። የፔራኽ ተማሪዎችም ልጆችን ያግዛሉ። ባግሩቱ ያልተሟላለት ልጅ ከሠራዊት በኋላ «መኺና» ገብቶ ያሟላል። ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኾሜትሪ ይቀበላል፤ ፈተናው ግን ከባድ ነው። ልጁ 3 ዬሂዶት ይዞ ጨርሶ ከሆነ አለቀለት ማለት አይደለም። ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ።

የክፍያው ነገር ያሳስባችኋል። በመንግሥት በሚደገፉ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ከ10,000 ሼቄል በላይ ያስከፍላል። ተዋጊ ለነበሩ ወታደሮችና ለአንዳንድ ሌሎችም «ሚማዲም ለሊሙዲም» የሚባል ድጋፍ አለ። ለእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመመዝገቡ በፊት ይጠየቅ። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ የእኛን ምሩቃን ወደ ሙያቸው የሚያስገባ «ኦሊም ቤያሃድ» የሚባል ድርጅት አለ። ይህ መታወቅ ያለበት ነገር ነው፤ ዲግሪ ይዘው ከሙያቸው ውጪ የቀሩ ልጆች አሉንና።

አንድ ነገር እናንተን ላስቸግር። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ከባድ ነው። ልጃችሁ በመጀመሪያው ፈተና 50 አምጥቶ ፊቱ ጠቁሮ ቢመጣ፣ «ተወው፣ ሥራ ፈልግ» አትበሉት። «እገሌ ልጅ ደመወዝ ያመጣል» ብላችሁም አታወዳድሩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብላችሁ አታደጉትምን? የምትረዱት በሒሳቡ አይደለም፤ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ በመስጠት፣ በፈተና ሳምንት ለማንኛውም ድግስ «ና» ባለማለት፣ ቢሮ የሚያስኬድ ወረቀት ሁሉ በእሱ ላይ ባለመጫን ነው።

ለዚህ ወር የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የዕድራችሁን መዝገብ አውጡ። ስንት አባል አለ? ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑት ስንት ናቸው? ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ሐዘን ደረሰ? በሣጥኑ ስንት አለ? ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሒሳብ ለሚወድ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ስጡትና «ይህ ገንዘብ እስከ መቼ ይበቃናል? ከአሁኑ ስንት ብንጨምር ይሻላል?» በሉት። መልሱን ለዕድሩ ዳኛ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ያን ቀን ትምህርቱ ለማን እንደሚጠቅም ያያል፤ እናንተም ልጃችሁ ምን እንደሚማር ታውቃላችሁ።

ደህና ሰንብቱ።